አስተርጓሚዋ በአኮ

ማክሰኞ ጧት ነበር፤ ከቂርያት ያም ተነሥተን፣
ሠላሳ ሁለት አዛውንት ባንድ አውቶቡስ አሳፍረን፣
ውኃና ኮፍያ አድለን፣ ስም ጠርተን፣ ዳግም ቆጥረን፣
አኮ በር ደረስን። ባሕር በሦስት ጎን ከቧት፣
ደሴት ልትሆን ስትል አንድ ስንዝር የቀራት።

እኔ አስተርጓሚ ነኝ፤ ሥራዬ የሰው ቃል መሸከም፣
በዕብራይስጥ የገባው በአማርኛ እስኪወጣ መድከም።
አስጎብኚዋ ሱሄይላ፣ የዚሁ የግንቡ ሰፈር ልጅ፣
ቃሏ ፈጣን፣ ጫማዋ ያለቀ፣ ጃንጥላዋ በእጅ፣
«እዚህ» አለች «ፈረሰኛ መነኮሳት ኖሩ፤
በሽተኛ አስታመሙ፣ ጸለዩ፣ ሰይፍ መዘው አደሩ።»
እኔም «የመስቀል ጦረኞች» ብዬ ተረጎምኩት።
እትዬ ዘነቡ «ሁለቱን ባንድ እጅ ነው የያዙት?»
ብለው ጠየቁኝ። ጥያቄውን ዋጥኩት።

ዓምዶቹ ወፋፍራም፣ ሦስት ሰው አቅፎ የማይጨርሳቸው፣
ጣራው እንደ ጥንድ መዳፍ ተጋጥሞ ከላይ የደፋቸው።
ንጉሥ እከሌ ገባ፣ ንጉሥ እከሌ ሸሸ፤
በአንዱ ስም የነጋ ቀን በሌላው ስም መሸ።

ከዚያ መጸዳጃው መጣ፤ የድንጋይ ወንበር በተርታ።
ሱሄይላ አብራርታ አብራርታ፣ ሳቋን መያዝ ተስኗት ላፍታ፣
እኔ አባት በሚያህሉ ሰዎች ፊት አንገቴን ደፍቼ፣
«እጅ መታጠቢያ ነው» አልኩ፣ ከአፌ ቃል አጥቼ።
«ውሸታም! እጅ ተቀምጦ ይታጠባል?»
አሉ እትዬ ዘነቡ። የሞተው ፈረሰኛ ሁሉ የሳቀ ይመስላል።

አባ ጠጋ ብቻ አልሳቁም። ከኋላ ቀርተዋል።
አገር ቤት ግንበኛ ነበሩ፤ ለስንቱ ድንጋይ ጠርበዋል፣
የሌላውን መቅደስ ሠርተው ከደጁ ተመልሰዋል።
አሁን ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶት፣ በጣት ያያሉ፤
እንደ ሐኪም ግድግዳውን አንኳኩተው ያዳምጣሉ።

«ነይ ልጄ፣ ይህን ንኪ» አሉኝ፤ ጣቴን ይዘው ወሰዱት።
ሁለት ሰረዝ፣ አንድ ቅስት፤ ጠራቢው ከጥጉ የጫረበት።
«ፊርማው ነው። በድንጋይ ቁጥር ይከፈለው ነበር፣
ማታ ቆጣሪ ሲመጣ የሱ ከሰው እንዳይደናገር።
ግራኝ ነው። የመሮው መንገድ ወዲህ ነው ያዘነበለው።
እዚህ ጋ ደክሞታል። እዚህ ጋ ሰው ጠራው፣ ወይ ራበው።
ስሙ ማነው?»

ስሙ ማነው? ብዬ ሱሄይላን ጠየቅኋት።
ጃንጥላዋን አጠፈች። ንግግሯ ሁሉ ጠፋት።
«አልተጻፈም» አለች። ቆይታ፣ «አባቴ ድንጋይ ጠራቢ ነው፤
የዚህን ከተማ ግንብ ሲጠግን ነው ወገቡ ያለቀው።»
ልተረጉም አፌን ስከፍት አባ ጠጋ እጅ ሰነዘሩ፤
እሷ መሮ እንደያዘ ሰው፣ እሳቸው መዶሻ ሲወረውሩ፣
«ዝቅ አርጊው» ሲሉ በአማርኛ፣ «አይዋ» ስትል በዐረብኛ፣
ባዶ አየር ሲጠርቡ ቆዩ፣ ያለ አስተርጓሚ፣ ያለ እኛ።
የምከፈለው በሰዓት ነው።
ያችን ሩብ ሰዓት በነፃ በላኋት።

ከዚያ አረንጓዴው ጉልላት። «ይህ መስጊድ ነው» ስላቸው፣
እትዬ ዘነቡ ቀና አሉ፣ ብርሃን መጣ ከፊታቸው፤
«እኛስ መንደራችን ጸሎት ቤቱን መስጊድ አይደል የምንለው?»
ብለው ጫማቸውን ሊያወልቁ ጎንበስ አሉ።
ልጆቻቸው ይህን ቃል ረስተዋል፤ ምኩራብ እንኳ አይሉ።

የቱኒዚያዎቹ ምኩራብ ደግሞ ግድግዳው ሁሉ ጠጠር፣
ዓሣው፣ ስንዴው፣ መርከቡ፣ በቀለም ሲደረደር።
ሁሉም ወደ ጣራው ሲያይ፣ አባ ጠጋ ወደ ወለሉ
ዝቅ ብለው፣ የላላች ጠጠር በአውራ ጣት ጫን አሉ።
ማንም አላየ። እኔ አየሁ። አልተረጎምኩትም።

ቀትር ላይ ዓሣው ውድ ሆኖብን ዳቦና ሽምብራ በላን፤
ከግንቡ ጫፍ ባሕር የሚዘል ልጅ በውኃ ረጨን።

ስንመለስ ሪፖርት ልሞላ ወረቀቴን ዘርግቼ፣
«የተጎበኙ ቅርሶች» ከሚለው መስመር ላይ ተገትቼ፣
የነገሥታቱን ስም ፈለግሁ፤ ሁለቱን ብቻ አስታወስኩ።
አውቶቡሱ ሙሉ እንቅልፍ ነው። ቀና ብዬ ተመለከትኩ፤
አባ ጠጋ ዓይናቸው ተከድኖ፣ ላብ ባዘለው መስኮት ላይ፣
ጣታቸው ብቻዋን ትሄዳለች፣ ሳትደክም፣ ሳትለያይ፦
ሁለት ሰረዝ፣ አንድ ቅስት፣
ሁለት ሰረዝ፣ አንድ ቅስት፣
በግራ እጃቸው።